ሞራው እስኪበስል ለምን ትጠብቃላችሁ?

ይህ በሰፈራችን እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ የተናገርኩት ነው። የቀሩ ሰዎች "ጻፍልን" ስላሉኝ ጻፍኩት። የአፍ ወሬ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ከመንገድ ይወጣል። እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። የመዋጮው ክርክር አለቀ መሰለኝ። ሊቀመንበራችን "ሃያ ደቂቃ አለህ፣ ከዚያ ቡና ይቀርባል" ብለውኛል። ቡናው እየተቆላ እንደሆነ ይሸተኛል፤ ስለዚህ ከእኔ ይልቅ ወደዚያ ብታዩ አልቀየምም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ሰፈር ውስጥ "ዶክተር" ትሉኛላችሁ። አይደለሁም። እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ዓይን እለካለሁ፣ መነጽር አዛለሁ። ሞራ ያለበት ሰው ሲመጣ ደግሞ ዓይኑ ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ቁጥር አወጣለሁ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪሙ ነው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ተጠይቄያለሁም፤ እሱን ቆይቼ አወራለሁ።

አሁን ይቺን የሲኒ ማስቀመጫ ተቀባበሏት። ቀስ በሉ፣ አታስነጥሱባት። ላይዋ ላይ ያለችው ሰው ሠራሽ ሌንስ ናት። የአገልግሎት ጊዜዋ ስላለፈ ሰው ዓይን ውስጥ አትገባም፣ ለማሳያ ነው የያዝኳት። መሃሏ ክብ ነው፤ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ የምስር ክክ ታህላለች። ከግራና ከቀኝ የተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች አሏት። ጫን ስትሏቸው ይታጠፋሉ፣ ስትለቋቸው ይዘረጋሉ። ዓይን ውስጥ ቦታዋን ይዛ የምትቀመጠው በእነሱ ነው።

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌንስን "ምስሪት" ይሉታል። ምስር ከሚለው ነው። ፈረንጆቹም "ሌንስ" ያሉት ቃሉ በላቲን ምስር ማለት ስለሆነ ነው። እኛም እነሱም የቀዳነው ከአንድ ድስት ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። በቅርቡ አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ዱላቸውን ከፊት የሚጎትተው የልጅ ልጃቸው ነው፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በግራ ዓይናቸው የሚያዩት ብርሃን ብቻ ነው። በቀኛቸው አንድ ሜትር ላይ ጣት ይቆጥራሉ።

"እማማ፣ ለምን እስካሁን ቆዩ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ አልበሰለም ብለውኝ ነው።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም። ጎረቤቱም፣ እህቴም። ድሮ ደግሞ ሐኪምም ብሎኛል።"

ልጁን "ስንተኛ ክፍል ነህ?" ብለው ዝም አለ። እሳቸው መለሱ፤ "ዘንድሮ አልገባም፣ እኔን ማን ይምራ?" አሉ።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚች "አልበሰለም" ስለምትባል ቃል ነው። የሚገርማችሁ፣ ያ የድሮ ሐኪም አልተሳሳተም። በዘመኑ ትክክል ነበር። ዘመኑን የለወጠችው ሲኒ ማስቀመጫው ላይ ያለችው ናት።

በመጀመሪያ ሞራ ምንድን ነው? ስሙ ራሱ ያሳስተናል። በግ ሲታረድ ጨጓራውን የሚሸፍነውን ስስ ስብ ነው ሞራ የምንለው። አባቶቻችን እሱን ዘርግተው ነገ የሚሆነውን ያነቡ ነበር፤ ሞራ ገላጭ ይባላሉ። (እኔም በሥራዬ ሞራ ገላጭ ነኝ ብል ውሸት አይሆንም።) ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው የዓይን ሞራ ከላይ የተጋረደ ስስ ነገር ይመስለዋል። "ግፈፉልኝ" ይላል። ከላይ ምንም የለም። ከብሌኑ ጀርባ ስንወለድ ጀምሮ ያለን ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ሞራ ማለት እሱ ራሱ ሲደፈርስ ነው።

እንቁላል አስቡ። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፣ ያሳልፋል። መጥበሻው ላይ ስታፈሱት ይነጣል። የዓይን ሌንስም የተሠራው ከፕሮቲን ነው፤ በዕድሜ፣ በስኳር በሽታ፣ በምት፣ በፀሐይ ብዛት፣ በትምባሆ ያው ዓይነት ነገር ይደርስበታል። የተጠበሰ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ የሚመለስ ከሆነ ንገሩኝ። ለዚህ ነው ሞራን መልሶ የሚያጠራ ጠብታ የሌለው። ቅጠል ጨምቀው ዓይን ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ሞራው እዚያው ይቀራል፣ ጤነኛው የፊት መስተዋት ይቆስላል። እንግዲህ ይብሰል ካላችሁ፣ በስሏል። ከደፈረሰ ቀን ጀምሮ እየበሰለ ነው።

ታዲያ የድሮዎቹ ለምን ጠብቁ ይሉ ነበር? የደፈረሰውን ሌንስ ያወጡ ነበር እንጂ በቦታው የሚተኩት ነገር አልነበራቸውም። ሌንስ የሌለው ዓይን ሩቁም ቅርቡም ይደበዝዝበታል። መፍትሔው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ነበር። አያቱ እንዲህ ያለ መነጽር የነበራቸው እጁን ያውጣ... እሺ፣ አራት፣ አምስት። በዚያ መነጽር ሁሉም ነገር ከልኩ በላይ ይተልቃል። ደረጃው ቅርብ ይመስልና እግር ይስታል። መነጽሩ ከወደቀ ሰውየው ተመልሶ ዕውር ነው። አንዱ ዓይን ደህና ሆኖ አንዱ ብቻ ከተሠራ ደግሞ አንዱ ነገር በአንድ ዓይን ትልቅ፣ በሌላው ትንሽ ይሆናል፤ ጭንቅላት ሁለቱን ማስታረቅ አይችልም። ስለዚህ "ሁለቱም ጨልመው ምንም የማታጡበት ደረጃ ላይ ስትደርሱ ኑ" ማለት ያኔ ጥሩ ምክር ነበር። "ይብሰል" ማለት ያ ነው። ምክሩ የተመሠረተበት ችግር ጠፋ፣ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ ከቤት ቤት ይዞራል።

ችግሩን ያጠፋው ሰው ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖች መከለያ ፐርስፔክስ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። በጥይት ሲመታ ይፈረካከስና ስባሪው አብራሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሪድሊ እነዚህን አብራሪዎች ሲያክም አንድ ነገር ታዘበ። ስባሪው ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑ አይቆጣም። እኛ አቧራ ሲገባብን እንኳ ቀኑን ሙሉ እናለቅሳለን፤ እዚያ ፕላስቲክ ዓመታት ይቀመጣል።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቀን ሞራ ሲያወጣ የሚመለከት የሕክምና ተማሪ "ያወጡትን በሌላ አይተኩትም?" ብሎ ጠየቀው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ተማሪ የጠየቀውን የሚሰማ አስተማሪ ብዙ ስለማይገኝ ነው። በ1942 ኅዳር 20 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 29 ቀን 1949፣ ለንደን ውስጥ በሴንት ቶማስ ሆስፒታል፣ ሪድሊ ለአንዲት የ45 ዓመት ሴት ከዚያው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ሌንስ አስገባላት። የሙያ ጓደኞቹ አላጨበጨቡም። "እኛ ከዓይን ባዕድ ነገር ስናወጣ ኖረን አንተ ታስገባለህ?" ዓይነት ነበር። ለብዙ ዓመት ተነቀፈ። አሜሪካኖቹ ሌንሱን በይፋ የፈቀዱት ገና በፈረንጆቹ 1981 ነው። ሪድሊ ረጅም ዕድሜ ሰጥቶት ሁሉንም አየ። በስተርጅና ራሱ ሞራ ይዞት ያው የፈጠረው ሌንስ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ገባለት። በፈረንጆቹ 2000 ደግሞ ንግሥቲቱ "ሰር" አሉት።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ነገር ግን አላለቀም። ሌንሱ በሰላም ገባ፤ ቁጥሩ ግን ተሳስቶ ኖሮ ሴትዮዋ ቅርቡን ብቻ የምታይ ሆነች። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፣ ከዚያ አፈርኩ። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ።

የቁጥሩን ነገር ላስረዳ። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ርዝመት ይለያያል፣ እንደ እግር ጫማ። ብዙውን ጊዜ ከፊት እስከ ኋላ 23 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅም ዓይን ዝቅ ያለ ቁጥር፣ አጭር ዓይን ከፍ ያለ ቁጥር ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው 20፣ 21፣ 22 አካባቢ ይወድቃል። የፊቱን ጉብታም እንለካለን። ርዝመቱን ለመለካት የማደንዘዣ ጠብታ አድርገን እንደ እስክሪብቶ ያለች መሣሪያ ዓይኑን እናስነካለን፤ ድምፅ ልካ የገደል ማሚቶውን ታዳምጣለች። ታቦር ተራራ ሥር ቆማችሁ እንደመጮህ ማለት ነው። ማስነካት ነው እንጂ መጫን የለም። ከተጫነ ዓይኑ ይጎደጉድና አጭር ይመስላል። በ1 ሚሊ ሜትር ብትሳሳቱ ሰውየው ሁለት ተኩል ያህል ቁጥር ይዛነፍበታል።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት በአንድ የሞራ ዘመቻ ላይ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ወጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እየለካሁ ነበር። አንድ የአሞራ ገደል ሰው መጣ፤ ዓሣ ያጠምድ ነበር፣ ዓይኑ ሲደክም መረብ መጠገን ላይ የቀረ። እጄ ከበደ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ መለካት ሲገባኝ አንዴ ለክቼ አሳለፍኩት። ቀዶ ጥገናው ያለ ምንም ችግር አለቀ። ለክትትል ሲመጣ እንዲህ አለኝ፤ "ቆሮሶው እጄ ላይ ሲሆን ቅርፊቱን እቆጥራለሁ። ጀልባ ላይ ያለው ሰው ግን ማን እንደሆነ አላውቅም።"

ለካሁት። ሁለት ተኩል ማይነስ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገርኩት። መነጽር አዘዝኩለት፣ አጥርቶ አየበት። ከዚያ አውልቆ ከኪሱ ክር አወጣና የመረብ ቋጠሮ አሰረልኝ፣ ያለ መነጽር፣ አፍንጫው ሥር። "ይቺንማ እንዳትነኩብኝ" አለ። ለካ እሱ የጎደለው ከጀልባው ይልቅ ቋጠሮው ነበር። ሁለተኛ ዓይኑ ሲሠራ ተነጋግረን ለሩቅ አደረግንለት። አንዱ ዓይኑ ለመረቡ፣ አንዱ ለሐይቁ። ለሁሉም ሰው አይስማማም፣ ለእሱ ተስማማው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ከማንሳቴ በፊት "ሥራዎ ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ዳዊት እደግማለሁ በሉ። በብዛት የምንጠቀምባት ሌንስ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው ጥርት አድርጋ የምታሳየው። ለሩቅ ከተደረገች ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። ይህን ሳይነገራቸው ሄደው "ቀዶ ጥገናው አልያዘልኝም" የሚሉ አሉ። ይዟል። ሩቁንም ቅርቡንም የሚያሳዩ ሌንሶች አሉ፤ ውድ ናቸው፣ ማታ የመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያሉ። ማታ ለሚነዳ ሰው እኔ አልመክርም።

ቀዶ ጥገናውን ባጭሩ። ዓይን አይወጣም! ይህን ጮክ ብዬ ልበለው፤ "አውጥተው አጥበው ይመልሱታል" የሚለው ወሬ ስንቱን ቤቱ አስቀርቷል። ዓይኑ አጠገብ መርፌ ወይም ጠብታ ተደርጎ ይደነዝዛል። ሐኪሙ በነጩ በኩል ትንሽ ዋሻ የመሰለ መንገድ ይከፍታል። ሌንሱን የያዘው ከረጢት ፊቱ ይከፈትና የደፈረሰው ይወጣል። ከረጢቱ ግን አይጣልም፤ አዲሷ ሌንስ የምትገባው እዚያው ውስጥ ነው። የኋላ ግድግዳው ከፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው። ዋሻው በራሱ ይዘጋል፣ ብዙውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም። ያልተወሳሰበ ከሆነ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። ሌላው መንገድ በድምፅ ሞገድ ፈጭቶ በጣም በትንሽ ቀዳዳ መምጠጥ ነው፤ ለእሱ የምትታጠፍ ሌንስ ትገባለች። የትኛው ይሻላል አትበሉኝ፤ ሞራው በጣም ከጠነከረ ጥሩ እጅ ያለው ሐኪም በመጀመሪያው መንገድ ቢሠራው እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ነው መቆየት ዋጋ የሚያስከፍለው። የቆየ ሞራ ይጠነክራል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ለማውጣት ያስቸግራል። ውሃ ቋጥሮ የሚያብጥም አለ፤ የዓይን ግፊቱን ያወጣዋል፣ ሰውየው በራስ ምታትና በማስታወክ ሌሊት ይመጣል። ግፊቱ ከኋላ ያለውን የማየት ነርቭ ከገደለው ሌንስ ብንቀይር ምን ዋጋ አለው? ነርቭ አይተካም። ግድግዳ እየዳሰሱ ወድቀው ዳሌያቸውን የሰበሩም አይቻለሁ። ያ ልጅ የቀረበት ክፍልም አለ።

አንድ የሚያታልል ምልክት ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ለማንበብ መነጽር ይዘው የኖሩ፣ አንድ ቀን ያለ መነጽር ጋዜጣ ማንበብ ቻሉ። ሰፈሩን "ዓይኔ ተመለሰልኝ" ብለው አዳረሱት። ሞራው ሲጀምር የዓይኑን ቁጥር ስለቀየረው ነው እንጂ አልተመለሰም። ሩቁ ደብዝዟል፣ አላስተዋሉትም። ደስታቸውን ማበላሸት ከበደኝ፤ ግን ነገርኳቸው።

መቼ ይሠራ ታዲያ? ሥራችሁን ሲያስተጓጉል። መርፌ መሳብ፣ ሰው ከሩቅ መለየት፣ ማታ መንዳት ሲያቅት። በቃ። ሕፃን ልጅ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ግን የዚያኑ ሳምንት አምጡት፤ የልጅ ዓይን ማየት የሚማረው በልጅነቱ ነው፣ ጊዜው ካለፈ ሌንስም አያድነው።

ዋጋውስ? አንድ ጊዜ ሌንሷ ብቻ ከመቶ ዶላር በላይ ነበረች። በሕንድ ማዱራይ፣ ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጣመሙት ዶክተር ቬንካታስዋሚ በፈረንጆቹ 1976 በ11 አልጋ የጀመሩት የዓይን ሆስፒታል በፈረንጆቹ 1992 የራሱን የሌንስ ፋብሪካ ከፈተ። ፍሬድ ሆሎውስ የተባለው የአውስትራሊያ ሐኪም ደግሞ የኤርትራን ሁኔታ አይቶ ነበር፤ እሱ በፈረንጆቹ 1993 ቢሞትም በስሙ የተቋቋመው ድርጅት አሥመራና የኔፓሏ ካትማንዱ ላይ ፋብሪካ አቆመ። አሥመራ፣ አጠገባችን! ዋጋው ከአሥር ዶላር በታች ወረደ። አገራችን ውስጥ በእኛው አቆጣጠር በ1998 የተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 የሚሆነው ዕውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሹን ያሳወረው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ግማሹ! የምስር ክክ በምታህል ነገር ጠፍቶ።

ቡናው ደረሰ። ጥያቄ ካለ።

አንዲት እናት ስለ ጠበል ጠየቁኝ። ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ። ብቻ ከቀዶ ጥገና በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ውዱ ለምታደርጉም ያው ነው፤ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። አትሹት፣ ጠብታውን አታቋርጡ። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ፣ እይታው ከቀነሰ "ነገ ይሻለኛል" የለም፤ በዚያው ቀን ኑ።

አንዱ ወጣት "ለእናቴ ከፋርማሲ የገዛሁት ጠብታ ማሳከኩን ያቆመዋል፣ ሁለት ዓመት ሆናት" አለ። አምጣና አሳየኝ አልኩት። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ሞራ ያመጣል፣ ግፊትም ይጨምራል።

"ሞራው ተመልሶ ይበቅላል?" አይበቅልም። ከሌንሷ ጀርባ ያ የቀጠነ ከረጢት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል፤ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል፣ ሁለተኛ ቢላ የለም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ዓይናቸው ከዚህ ይታየኛል፣ ቀኙ ነጭ ነው። "ስንት ዓመት ዋስትና አለው?" አሉ።

"ዕድሜ ልክ ነው አባባ። አያልቅም፣ አይቀየርም።"

"ስሞትስ ታወጡታላችሁ?"

"የለም፣ አብሮዎት ነው የሚሄደው።"

ሊቀመንበራችን መዝገቡን ከፈት አድርገው "ለቀብር የሚጨመር ወጪ አለው?" ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ሌንሷ ያለችበት ማስቀመጫ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ቆሎው ውስጥ ፈለግን፣ ወለሉ ላይ ፈለግን። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአንዲት እናት ነጠላ ጥለት ላይ ለቅማ አመጣችልኝ።

አባባ አሁንም ቆመዋል። "ሰኞ ክፍት ናችሁ?" አሉኝ።

"ከሁለት ሰዓት ጀምሮ።"